ምዕራፍ 6፦ ዶሮው እስኪደርስ

በበዓል ማለዳ ቤቱ በምግብ ሽታ ይሞላል፤ የሚበላ ነገር ግን የለም። ሽንኩርቱ ከማታ ጀምሮ ሲቁላላ አድሯል፤ በሎሚና በጨው የታጠበው ዶሮ 12 ብልት ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ድፎ ዳቦው ተባርኮ እስኪቆረስ አይነካም። ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ወጥ ቤቱ በር ላይ ይመላለሳሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት አዋቂዎች ደግሞ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ምሳው ከ6 ሰዓት በፊት መድረሱ ያጠራጥራል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ቁርስ ነው። የበዓል ምግብ ሲነሳ ስለ ዶሮ ወጡ፣ ስለ ክትፎው፣ ስለ ጠላውና ስለ ጠጁ ብዙ ይወራል፤ ቁርሱን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በብዙ ቤት ወይ ሻይ በዳቦ ሆኖ ያልፋል፣ ወይ ሌሊቱን ምድጃ ሥር ባሳለፈችው እናት ላይ ሌላ ሥራ ይጨምራል። ሁለቱም ለበዓል አይመጥኑም። ለበዓል ጠዋት የሚመች ቁርስ ትልቁ ሥራ ቀድሞ ያለቀለት ነው፤ ጠዋት የሚቀረው ማሞቅ፣ ማራስ ወይም ማዋሃድ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ጓዳ ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ምግብ የታደለ ነው።

ከጓዳ የሚወጣ ቁርስ

በሶ ጥሩ ማሳያ ነው። ገብሱ ይሸከሸካል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በዓሉ ከመድረሱ ብዙ ቀን ቀደም ብሎ ነው። እህሉ ሲቆላ ስለበሰለ ዱቄቱ ዳግም እሳት አይፈልግም፤ ውሃና ጨው ይበቃዋል። በድሮ ጊዜ የመንገደኛና የዘማች ስንቅ የሆነውም ለዚህ ነው፤ እንጨት ሳይለቀም፣ ድስት ሳይጣድ በደረሱበት ይበላል። በውሃ ፋንታ በንጥር ቅቤ ሲታሽና ቅመም ሲገባበት ደግሞ ጭኮ ይሆናል፤ በሰላሌና በሌሎች የኦሮሞ አካባቢዎች ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ምግብ ነው። ጭኮ በዋዜማው ታሽቶ ክዳን ባለው ዕቃ ቢያድር ጠዋት የሚቀረው ሥራ እየቆረሱ ሰሃን ላይ ማድረግ ነው።

ቅቤው ራሱ የተጠራቀመ ሥራ ነው። ያልተነጠረ ቅቤ ከመቶ 80 ያህሉ ስብ ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ጥቂት የወተት ፕሮቲንና ስኳርም አለበት። ቅቤን ቶሎ የሚያበላሸው ውሃው፣ መጥበሻ ላይ ቶሎ የሚያሳርረው ደግሞ ፕሮቲኑ ነው። በዝግታ ሲነጠር ውሃው ይተናል፣ አተላው ይዘቅጣል፤ የኮረሪማው፣ የኮሰረቱ፣ የአብሹና የበሶብላው መዓዛ ወደ ስቡ ይገባል፤ የእነዚህ ቅመሞች ሽታ ከውሃ ይልቅ በስብ ውስጥ በደንብ ይሟሟልና። ተጠልሎ የተቀመጠ ንጥር ቅቤ ለወራት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ከእሱ አንድ ማንኪያ ባዶ ቅንጬ ላይ ሲጨመር የግማሽ ቀን ድካም አብሮ ይገባል፤ ጠዋት ላይ ግን የሚፈጀው ጊዜ ከ1 ደቂቃ አይበልጥም።

ቋንጣና ድርቆሽም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሥጋው በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ሲደርቅ፣ እንጀራውም ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ውሃቸው ይወጣል፤ ውሃ ካጣ ምግብ ላይ ደግሞ ሻጋታም ባክቴሪያም አያድግም። በበዓል ጠዋት ቁሌት ከተሠራ ቋንጣው ይጨመርበታል፣ በውሃ ይለዝባል፣ ድርቆሹ ይፈረፈርበታል። ለዶሮ ወጥ የተቁላላው ሽንኩርት በርበሬ ገብቶበት ከበሰለ በኋላ፣ ዶሮው ሳይገባ አንድ ጭልፋ ተቀንሶ ቢቀመጥ የፍርፍሩ ቁሌት በነጻ ተገኘ ማለት ነው። ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎች ሽንኩርቱን ሲከትፉ ሦስት አራት ራስ አብልጠው ይከትፋሉ።

አስቀድሞ ማሰናዳትን እንደ ሥርዓት የያዙት ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። በሰንበት እሳት ስለማይነድ የሰንበት ምግብ ሁሉ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ ነበረበት፤ በኢትዮጵያ ሳሉም ቅዳሜ የሚበላው ዓርብ የተዘጋጀው ምግብ ነበር። ዛሬም በእስራኤል በሚኖሩ ብዙ የኢትዮጵያ አይሁድ ቤተሰቦች ዘንድ ዓርብ የተጋገረ ዳቦ ቅዳሜ ጠዋት ከጸሎት በኋላ ተባርኮ ይቆረሳል። የሰንበቱ ጠዋት ቀላል የሆነው ሥራው ወደ ዓርብ ስለተዛወረ ነው። ይኸው ልማድ ለእንቁጣጣሽም ለገናም ይሠራል።

ጨጨብሳ

ለብዙ ቤት የበዓል ቁርስ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ጨጨብሳ ነው። ቂጣው ከስንዴ፣ ከጤፍ ወይም ከሁለቱ ድብልቅ ይጋገራል፤ ይቆራረሳል፤ በቅቤና በበርበሬ ይታሻል። ለ4 ሰው 3 ብርጭቆ ዱቄት፣ ትንሽ ጨውና ሊጡን የሚያቀጥን ውሃ ይበቃል። ምጣዱ ደርቆ ሲግል ሊጡ በስሱ ይፈስሳል፤ ጠርዙ ሲላቀቅ ይገለበጣል።

የዱቄቱ ዓይነት ውጤቱን ይለውጠዋል። የስንዴ ዱቄት ውሃ ሲያገኝና ሲታሽ ግሉተን የተባለው ፕሮቲን እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ቂጣው የሚለጠጠውና ሲታኘክ ጠንከር የሚለው በዚህ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ ቂጣው ይሰባበራል፣ ቅቤውን ግን ቶሎ ይጠጣል። ሁለቱን እኩል የሚያደባልቁ ሰዎች የሚፈልጉት የስንዴውን መያያዝና የጤፉን ልስላሴ በአንድ ላይ ነው። የስንዴው ሊጥ ብዙ ከታሸ ቂጣው እንደ ቆዳ ይጠነክራል፤ ዱቄቱ ከውሃው ጋር እንደተዋሃደ ማቆም ይሻላል።

ጨጨብሳ የሚሳካውም የሚበላሸውም በርበሬው ሲገባ ነው። ቅቤው በለስላሳ እሳት ይቀልጥና መጥበሻው ከእሳት ይወርዳል፤ በርበሬው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ለበርበሬ ቅላቱን የሚሰጡት ቀለሞችም፣ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲንም በስብ ይሟሟሉ፤ ስለዚህ ሞቃት ቅቤ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ቀለሙን ይለቃል፣ ቅቤው ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል። እሳት ላይ እንዳለ ከገባ ግን ዱቄቱ በሰከንዶች ውስጥ ያርራል፤ ያረረ በርበሬ መራራ ነው፣ ማርም አይመልሰውም። ከዚያ ቁርጥራጩ ቂጣ ይጨመርና ሁሉም ቅቤ እስኪያገኘው ከሥር ወደ ላይ ይገላበጣል። ከጎኑ ማር ወይም እርጎ ይቀርባል፤ ለልጆች በርበሬው ተቀንሶ ማሩ ይበዛል።

ቂጣው በዋዜማው ምሽት መጋገር ይችላል። ገና ሞቃት ሳለ ተቆራርሶ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ያድራል፤ ጠዋት የሚቀረው ቅቤና በርበሬ ነው። ሲያድር መድረቁ የማይቀር ቢሆንም ክዳን ባለው መጥበሻ ጥቂት ውሃ ተርከፍክፎበት ሲሞቅ ይለሰልሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ቤተሰቦች ቂጣ ለመጋገር ጊዜ ሲያጥራቸው ከሱቅ የሚገዛውን የስንዴ ቶርቲያ በደረቅ መጥበሻ አሙቀው ይቆራርሱታል፤ ቅቤውና በርበሬው የአገር ቤት ከሆነ ልጆቹ ልዩነቱን አይጠይቁም።

ቅንጬና ገንፎ፦ ውሃው የሚፈላበት ከፍታ

ቅንጬ ከጨጨብሳም ይቀላል፤ ሠሪውን ምድጃው ሥር አያስቆምም። ስንዴው ወይም ገብሱ ተፈትጎ ተከክቷል፤ ገለባው ሲሄድና ፍሬው ሲሰበር ውሃ ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ይከፈታል። ያልተከካ ስንዴ ንፍሮ ለመሆን ሰዓታት ሲፈጅ ቅንጬ በ20 ወይም በ25 ደቂቃ ይበስላል። ለ1 ብርጭቆ ቅንጬ 2 ተኩል ብርጭቆ ውሃና ትንሽ ጨው ይበቃል። ውሃው ሲፈላ ይጨመራል፣ እሳቱ ይቀንሳል፣ ይከደናል። ውሃው ሲመጥ ቅቤው ይገባል፣ ድስቱ ከእሳት ወርዶ ለ5 ደቂቃ እንደተከደነ ይቆያል።

ይህ መጠን በየአገሩ ትንሽ ይለያያል፤ ምክንያቱም ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 90 ይወርዳል። ጅቡቲ፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ላይ ግን 100 ይደርሳል። በደጋ አገር ቅንጬውም የተቀቀለ እንቁላሉም ደቂቃዎች የሚጨምሩት፣ ውሃም ትንሽ የሚያበዙት ለዚህ ነው። እሳት ማብዛት አይረዳም፤ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ማታ በውሃ የተዘፈዘፈ ቅንጬ ግን በየትኛውም ከፍታ ቶሎ ይደርሳል።

በውጭ አገር ቅንጬ ሲጠፋ ብዙዎች ቡልጉር ይገዛሉ። መልካቸው ቢመሳሰልም አሠራራቸው ይለያያል፤ ቡልጉር መጀመሪያ ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ከዚያ የተሰበረ ስንዴ ነው። ግማሽ መንገዱን ስለሄደ ውሃውም ደቂቃውም መቀነስ አለበት፤ በቅንጬ መጠን ከተሠራ ይልወሰወሳል።

ገንፎ ብዙ ሰው የሚፈራው ስለሚጓጉል ነው። የዱቄት ስታርች 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይወፍራል። ደረቅ ዱቄት በአንድ ጊዜ የፈላ ውሃ ላይ ሲወርድ የጓሉ ውጪያዊ ክፍል ወዲያው ይወፍርና ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይዘጋዋል፤ ውስጡ ጥሬ ዱቄት እንደሆነ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከዱቄቱ ጥቂቱ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥና በፈላው ውሃ ውስጥ ይፈስሳል፣ ሲወፍር ቀሪው በእፍኝ እየተነሰነሰ በማማሰያ ይገነፋል። መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ሲሞላበት ለአራስ ጥየቃ ብቻ ሳይሆን ለበዓል ማለዳም የሚያምር ገበታ ይሆናል። ሁሉም ከአንድ ሰሃን ዙሪያውን እየቆረሰ ስለሚበላ የሚታጠበው ዕቃም ጥቂት ነው።

እንቁላል፣ ጉበት፣ ዱለት

መጥበሻ ላይ የሚሠራ እንቁላል ከፍታ ብዙም አያስጨንቀውም። ነጩ ከ60 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ሲል፣ አስኳሉ ደግሞ ወደ 70 ሲጠጋ ይረጋል። የእንቁላል ፍርፍር የሚደርቀው ይህ ስለሚዘነጋ ነው፤ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው በስለው እንቁላሉ ከገባ በኋላ መጥበሻው ይዞት የቆየው ሙቀት ሥራውን ይቀጥላል። ገና እርጥብ ሳለ ከእሳት የወረደ ፍርፍር ገበታ ላይ ሲደርስ ልክ ይሆናል። ቲማቲሙ ውሃው እስኪመጥ መብሰሉም ግድ ነው፤ አለበለዚያ እንቁላሉ ውሃ ይቋጥራል።

በግ በሚታረድበት ቤት የጠዋቱ ምግብ ከእርዱ ይገኛል። ጉበት እንደ ጭን ሥጋ ጠንካራ ጅማት ስለሌለው ለመለስለስ ጊዜ አይፈልግም፤ በሽንኩርትና በቃሪያ ለጥቂት ደቂቃ ሲጠበስ ይደርሳል። ዱለት የጨጓራው እጥበት ስላለበት ሥራው ይበዛል፤ ሲቀርብም በደንብ የበሰለው ይሻላል። ከቅርጫ የመጣ የበሬ ሥጋ በጥሬው ሲበላ የኮሶ ትል ሊያስይዝ እንደሚችል አይዘነጋም፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ገበታ የበሰለውን መምረጥ ይገባል።

በዓሉ ረቡዕ ሲውል፣ ጾሙ ሲፈታ

የ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ፤ የዚያው ዓመት መስቀል ደግሞ ዓርብ። አጋጣሚ አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ 17 ያለው 16 ቀን ሁለት ሳምንትና ሁለት ቀን ስለሆነ፣ አዲስ ዓመት ረቡዕ በገባ ቁጥር መስቀል ዓርብ ይውላል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ የሚገደፉት ገናና ጥምቀት ሲውሉባቸው፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል ይህ ስለሌላቸው ገበታው የጾም ይሆናል።

ጾሙ ግን ቁርሱን ድሃ አያደርገውም። ጨጨብሳው በዘይት ይታሻል፣ ቅንጬው በዘይትና በተቁላላ ሽንኩርት ይቀርባል። ሱፍ በዋዜማው ተፈጭቶ፣ ተበጥብጦና ተጠልሎ ካደረ ጠዋት እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ ቃሪያና ሽንኩርት ይነሰነስበታል። ፉልም አለ። ባቄላው ማታ ይዘፈዘፋል፣ ይቀቀላል፤ ጠዋት ገሚሱ ይደቆስና በዘይት፣ በከሙን፣ በቲማቲምና በቃሪያ ይዋሃዳል። ከትኩስ ዳቦ ጋር እስከ ምሳ ያቆያል፤ ባቄላ ከፕሮቲኑ በተጨማሪ አሰር ስላለው ቶሎ አያስርብም።

ፉል በሐረር፣ በድሬዳዋና በየከተማው ቁርስ ቤቶች የታወቀ ነው፤ ለዒድ ጠዋትም ከፈጢራ ጋር ይስማማል። በዒድ አልፊጥር ወደ ሶላት ከመውጣት በፊት ጎዶሎ ቁጥር ያለው ቴምር መብላት ሱና ነው፤ የወሩ ጾም ማብቃቱ የሚታወቀው በዚያ ጉርሻ ነው። ዋናው ቁርስ ከሶላት መልስ ይሆናል። በአረፋ ግን ሶላቱ ይቀድማል፤ ከዚያ እርዱ ይከተላልና ከእርዱ ይበላል። ቴምር፣ ወተትና ሻይ ከሌሊት የተሰናዳላቸው ቤተሰቦች በሁለቱም በዓላት አይቸገሩም።

ፋሲካ ለብቻው ነው። 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ያልቀመሰ ሰው ከሌሊቱ ቅዳሴ ወጥቶ ዶሮ ሲጮህ ይገድፋል። ስብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ ለሁለት ወር ገደማ የቅባት ምግቡ ዘይት ብቻ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ቅቤና ሥጋ ሲበዛበት ሆዱ ይነፋል፣ ይከብደዋል። አባቶች ተልባን ያስቀደሙት ይህን አይተው ነው። ተልባው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በውሃ ይበጠበጣል፤ የፍሬው ሽፋን ውሃ ሲያገኝ የሚያሟልጭ፣ ወፈር ያለ ፈሳሽ ያወጣል። አንድ ብርጭቆ የተልባ ውሃ በማር፣ ከዚያ ጥቂት ዶሮ ወጥ፣ ከዚያ እንቅልፍ፤ ለብዙ ቤት የሌሊቱ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ረፈድ ሲል የሚቀርበው ቁርስም ቀለል ቢል ይመከራል፤ እርጎ፣ አይብ፣ ቅንጬ። ተልባ ስቡ ብዙ ስለሆነ ከተፈጨ በኋላ ጣዕሙ ቶሎ ይበላሻል፤ ለበዓሉ የሚበቃውን ብቻ መፍጨት ይሻላል።

ከዋዜማው እስከ 2 ሰዓት

ድፎ ዳቦ በዋዜማው ሲጋገር የተጠቀለለበት ኮባ እርጥበቱን ይይዝለታል፣ ታችኛውን ገጽ ከማረር ያድነዋል። ጠዋት ከተቆረሰ በኋላ የሚተርፈውን ብዙዎች ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡታል፤ ዳቦን ቶሎ የሚያደርቀው ግን ፍሪጅ ነው። የበሰለ ስታርች በቅዝቃዜ ተመልሶ ይጠነክራል፤ ይህ ከቤቱ ሙቀት ይልቅ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ይፈጥናል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሞሰብ ውስጥ ማደር፣ ብዙ ከሆነም ተቆራርሶ በረዶ እስኪሆን መቀዝቀዝ ይሻለዋል። የደረቀው ቁራሽ ትኩስ ምጣድ ላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ቅቤና ማር ሲቀባ ደግሞ ራሱን የቻለ ቁርስ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መስከረም 1 የሥራና የትምህርት ቀን ሆኖ ሊውል ይችላል፤ ገናም እንዲሁ። ዶሮ ወጡ ወደ ቅዳሜ ሲዛወር በዕለቱ የሚቀረው የበዓል ምልክት ቁርሱ ነው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ጨጨብሳ በልተው ቡናው ሲቆላ ካሸተቱ ቀኑ በዓል መሆኑን ያውቁታል።

በአገር ቤትም በውጭም የሚያስፈልገው የሥራ ክፍፍል ነው። ማታ፦ ቂጣው ተጋግሮ ይቆራረሳል፣ ቅንጬው ይዘፈዘፋል፣ ከዶሮው ቁሌት አንድ ጭልፋ ይቀነሳል፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፎ ይከደናል። ቂጣ መቆራረስ የ7 ዓመት ልጅ ሥራ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አባት ወይም ጎረምሳው ልጅ ቅንጬውን ይጥዳል፤ እሱ ሲበስል ጨጨብሳው ይታሻል፤ ሻይ ፔርሙዝ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ መጥበሻ ላይ የሚወርደው ሁሉም ተሰብስቦ እጁን ሲታጠብ ነው። 2 ሰዓት ላይ ገበታው ሙሉ ይሆናል፤ የዶሮው ድስት እሳት ተቀንሶለት ለግማሽ ሰዓት ብቻውን ቢተው ምንም አይሆንም፤ ወጡን የያዘችው እናትም ከማንም እኩል ተቀምጣ ትበላለች።